በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የቀረ ማኅደር



ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በነበረው ወርሃዊ ስብሰባችን፣ የቁጠባው ገንዘብ ተቆጥሮ ቶናው ሲቀዳ፣ አንዲት እናታችን ከነጠላቸው ሥር ቁልፏ የተሰበረ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ሣጥኗን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው እንዲህ አሉን፦ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናንተ የተማራችሁት እዩልኝ። እዚያ ቢሮ ያለው ልጅ “ማዘር፣ ባለቤትዎ ያገለገሉት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው” አለኝ። ልጄ፣ እኔ ከግንባር ደብዳቤ ስጠብቅ ብቻ ሰባት ዓመት ነው የኖርኩት አልኩት። እሱ ግን “ማኅደሩ ላይ የለም” አለኝ።»

ይህች ጽሑፍ ከዚያች ሣጥን የተነሣች ናት። በመጀመሪያ ያሰብነው የእናታችንን ማመልከቻ ጽፈን ልንሰጣቸው ብቻ ነበር። እየቆየን ስንሄድ ግን ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ እንዳልሆነ አየን። በክልላችንም ሆነ በመላ አገራችን የወታደር ማኅደር እንዴት እንደሚጎድልና እንዴት እንደሚሟላ ማወቅ ለብዙዎቻችን እንደሚጠቅም ተረዳን። ስለዚህ ያገኘነውን እዚህ እናካፍላችኋለን።

ዘጠኝ ዓመት እና አሥር ዓመት

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንናገር። አሁን በሥራ ላይ ባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ፣ የመከላከያና የፖሊስ አባላትን ጨምሮ፣ በየወሩ የሚከፈል አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ያለው በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነው። ባል ወይም ሚስት ሲሞት በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ የሟችን አበል ግማሽ ያገኛል። ስለዚህ በዘጠኝና በአሥር መካከል ያለው አንድ ዓመት ለአንዲት መበለት በየወሩ ዘይትና ጤፍ መግዛትና አለመግዛት ማለት ነው።

የእናታችን ባለቤት በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበሩ። ማኅደራቸው ስድስት ዓመት የጥበቃ ሥራና ከዚያ በፊት በኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ጊዜ ከ1991 እስከ 1994 ዓ.ም. የሰጡትን ሦስት ዓመት የውትድርና አገልግሎት ይዟል። በሙያ መስመሩ ላይ «ተራ እግረኛ» ይላል። የሰፈራችን ሰው ግን የሚያውቃቸው በሌላ ስም ነበር። ቀርከሃ ሲቆርጥ እጁን የቆረጠ፣ እግሩን እባብ የነደፈው፣ ልጁ የተቃጠለችበት ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጥ ስለነበር «ዶክተር» ይላቸው ነበር። ይህ ሙያ ከየት እንደመጣ ማኅደሩ ምንም አይናገርም።

ይህች ከተማና ያልተጻፉ ወታደሮቿ

አሶሳ ራሷ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ናት። ጣልያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት ጊዜ ይህ አካባቢም በእጁ ነበር። በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ በሰሜን በኩል ያለው የጉሙዝ ቆላ መንገዳቸው ሆነ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አሶሳን ከጣልያን እጅ ያስለቀቀው ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ በሱዳን በኩል የመጣ ጦር ነበር። መኮንኖቹ ቤልጅጎች፣ ወታደሮቹ ግን ኮንጎዎች ነበሩ። ይኸው ጦር ጋምቤላን ያዘ፤ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንለው ከተማ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ።

ስለዚህ ጦር ልጆቻችንን ብንጠይቃቸው የሚያውቀው ጥቂት ነው። በዘመቻው ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው አዛዦቹ ናቸው፤ ስንቅ ተሸክሞ ያን ሁሉ በረሃ የተሻገረው ኮንጎዊ በቁጥር ተጠቅሶ ያልፋል። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ታሪክ ብድሩን መለሰ። ኮንጎ በ1952 ዓ.ም. ነፃ ወጥታ በችግር ስትወድቅ፣ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የጠቅል ብርጌድን ወታደሮች ላከች፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም በኋላ የዚያ ሰላም አስከባሪ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። ከዚያ ዘመቻ የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዛሬም ሜዳሊያና ፎቶግራፍ ይዘው ይገኛሉ።

ስለ አርበኝነት ዘመን ስናነሣ የሴቶቻችንን ነገር ዝም ብለን አናልፍም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አሲናራ በምትባለው የጣልያን ደሴት ታስረው ተመልሰው ትግላቸውን ቀጥለዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተደራጀው ከጥቁር አንበሳ ጋር በጎሬ ነበሩ፤ እሳቸውም አሲናራ ታስረው ኋላ በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። የእነዚህ ስም የተረፈው ቤተሰባቸው የታወቀ ስለነበረ፣ እነሱም የተማሩ ወይም ባለ ርስት ስለነበሩ ጭምር ነው። በየዱሩ በሶ የፈጨችው፣ ቁስለኛ ያጠበችው፣ ጥይት በእንስራ ደብቃ ያሻገረችው ሴት በአርበኞች መዝገብ ላይ የምትገኘው ስንት ጊዜ ነው?

ሁለት ቦታ የተጻፈና አንድ ቦታ የተጻፈ

የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። በየተራው ኮሪያ የሄዱት ኢትዮጵያውያን 6,037 እንደነበሩ ይነገራል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳሊያ በተለያዩ ቋንቋዎች የተቀረጸ ሲሆን ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ፊደል ነው። ሣጥናችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የነሐስ ሜዳሊያ ካለ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ብዙዎቹ ዘማቾች የተመለመሉት ከክብር ዘበኛ ነበር። ክብር ዘበኛ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ተበትኖ እንደገና ተደራጀ። ደርግ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፎ መዋጋት የሚያኮራ ታሪክ መሆኑ ቀረ፤ ሜዳሊያውም በየሣጥኑ ታሸገ። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያቸው ቆሟል፤ በኮሪያም በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ አላቸው፤ ለዘማቾቹና ለልጆቻቸውም ከዚያ አገር ድጋፍ ይመጣል። ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት የቃኘው ዘማች ታሪክ ከአንድ ቦታ በላይ መጻፉ ነው፤ አዲስ አበባ ቢጠፋ ሌላ አገር ሊገኝ ይችላል።

የእናታችን ባለቤት ታሪክ ግን የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ያም ቦታ በ1983 ዓ.ም. ፈረሰ።

1975፣ 1977፣ 1983

ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይላል። በተግባር ግን ሁለት ዓመቱ ብዙ ጊዜ ማለቂያ አልነበረውም። የእናታችን ባለቤት በ1976 ዓ.ም. ከደቡብ ወሎ ተመልምለው ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና እናታችን ልጃቸውን አዝለው በሰፈራ ፕሮግራም ወደ አሶሳ መጡ። እኛም ከመካከላችን ብዙዎቻችን የመጣነው በዚያው ጊዜ ነው፤ መንደሮቻችን እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። ባልየው ከግንባር የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን አሁንም ወደ ወሎ ይሄዱ ነበር። ጥቂቶቹ በዘመድ እጅ ዞረው አሶሳ ሲደርሱ ዓመት አልፏቸዋል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው ባንድ ጊዜ ወታደርነቱ የቀረው። የክፍለ ጦር መዝገብ ቤቶች የትም ቀሩ፤ ሰዎቹ በእግራቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ተመዝጋቢዎችን መታወቂያ ይሰጥ ነበር። የእናታችን ባለቤትም መታወቂያቸውን ይዘው ሚስታቸውን ፍለጋ አሶሳ ድረስ መጡ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲገናኙ ልጃቸው አባቱን አላወቀውም። ይህን እናታችን ሲነግሩን ቡናው ቀዘቀዘ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከቀድሞ ሠራዊት አባላት ብዙዎቹ እንደገና ተጠሩ። እሳቸውም ሄዱ። የመዘገባቸው ሰው «ወረቀት አለህ?» ሲላቸው «የለኝም» አሉ፤ ወረቀቱ አሶሳ ሣጥን ውስጥ ነበር። እንደ አዲስ ተመዘገቡ። ከ1976 እስከ 1983 ያለው አገልግሎትና በዚያ ጊዜ የወሰዱት ሥልጠና በዚህ መንገድ ከማኅደር ወጣ።

ከሣጥኑ ውስጥ ያገኘነው

ሣጥኑን ስንከፍት ያገኘነው ይህ ነው፦ የኮሚሽኑ መታወቂያ፣ ስድስት ደብዳቤ፣ አንድ ሜዳሊያ ያለ ምስክር ወረቀቱ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ወጣቶች የተሰለፉበት ፎቶግራፍ፣ የመድኃኒት ስምና የቁስል አጠባ ሥርዓት በእርሳስ የተጻፈበት ደብተር። ከፎቶግራፉ ጀርባ «የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳቶች ሥልጠና፣ 1977» የሚል አለ፤ ከሥሩም የአሥራ አንድ ሰው ስም።

ማኅደር የማሟላት ሥራ በሌላም አገር እንዲህ ነው የሚሠራው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሐምሌ 1965 ዓ.ም. የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ጠፍቷል። ቅጂም ሆነ የተሟላ ማውጫ አልነበረውም። ባለሙያዎቹ የሞተውን ማኅደር መልሰው የሠሩት ከዳር ዳር ወረቀት ነው፦ ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሐኪም ቤት ካርድ፣ ከየክፍሉ የዕለት መዝገብ። እኛም ይህን ሰምተን ነበርና ዋናው ፋይል ጠፋ ብለን አልተቀመጥንም።

መጀመሪያ ያጋጠመን የስም ነገር ነው። በመታወቂያው ላይ ስማቸው በ«ኃ» ተጽፏል፤ በማኅደሩ ላይ በ«ሀ»። አያታቸውም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ስናነበው አንድ ነው፤ በኮምፒውተር ሲፈለግ ግን ሁለት ሰው ይሆናል። በርታ የሆኑ እህቶቻችን ይህን ችግር ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ «ኾጀሌ» ብሎ የሚጽፈውም፣ «ሆጀሌ» ብሎ የሚጽፈውም፣ «አል ሐሰን» የሚለውን አንዴ ከፍሎ አንዴ ገጥሞ የሚጽፈውም ጸሐፊ አለ። ከፍርድ ቤት አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ አወጣን።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር መጣ። አንድ ሠራተኛ በመታወቂያው ላይ ያለውን «1976» እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስቦ ወደ እኛ ሲመልሰው 1968 ሆነለት። ያን ጊዜ ባልየው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናቸው! «ሰነዱ አጠራጣሪ ነው» ተብሎ ሁለት ወር ቆመ። ከቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» የሚለው በእጅ ተጽፎ ደብዝዞ ስለነበር በማጉያ አሳይተን ነው የተስተካከለው።

ከዚያ ምስክር ፈለግን። በፎቶግራፉ ጀርባ ካሉት አሥራ አንድ ስሞች ሁለቱን አገኘን፤ አንዱ እዚሁ ክልል፣ አንዱ ደሴ። የደሴው በስልክ ድምፃችንን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ከግራ ሦስተኛው እኔ ነኝ» አሉን። ቃላቸውን በሚኖሩበት ቀበሌ አስመዝግበው በፖስታ ላኩልን።

ያልጨመርነው

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ነገር ተጠንቅቀናል። ሰው የሞተ ዘመዱን ሲያከብር ማጋነን ይወዳል። ልጃቸው አባቱ በሁለት ታላላቅ ውጊያዎች ተሸልመዋል የሚል እምነት ነበረው፤ በማመልከቻው እንድናካትትም ጠየቀን። ደብዳቤዎቹን አነበብን፤ ምስክሮቹን ጠየቅን። ስለ አንዱ ውጊያ አንድም ቃል የለም። ሜዳሊያውም ለምን እንደተሰጠ የሚናገር ወረቀት አላገኘንም። ስለዚህ ውጊያውን አልጻፍንም። «ልጄ፣ አንድ ውሸት ከገባ እውነቱም ይጠረጠራል» ያሉት እናታችን ራሳቸው ናቸው።

ውጤቱ ይህ ነው። ከአሥራ አራት ወር በኋላ የቀድሞው አገልግሎትና የሕክምና ረዳትነት ሥልጠናው ከማኅደራቸው ጋር ተያይዟል። ሜዳሊያው የምስክር ወረቀት ስለሌለው አልተመዘገበም። የአበሉ ውሳኔ ገና በመታየት ላይ ነው፤ ሲመጣ በዚሁ መጽሔት እናሳውቃለን።

ሜዳሊያው አለመመዝገቡን ስንነግራቸው እናታችን ብዙም አላዘኑም። «ሜዳሊያውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሣጥኔ ውስጥ ይቀመጥ። ሥልጠናው ግን መጻፉ ደስ አሰኝቶኛል። ስንቱን ሰው አክሞበታል» አሉን።

ለእናንተ

በዚህ ሥራ መካከል ሌላዋ አባላችን፣ በደርግ ጊዜ ራሷ ወታደር የነበረች፣ የራሷን ወረቀት ይዛ መጣች። በሬዲዮ መገናኛ ሠልጥና ሳለ ማኅደሯ «ወጥ ቤት» ይላል። «ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል? ሴት ናት ብለው ጻፉት» አለችን። የእሷን ጉዳይ አሁን ጀምረናል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ እነዚህን ነገሮች አድርጉ፦

አንደኛ፣ የወታደር ወረቀት ያለበትን ሣጥን ከአይጥና ከእርጥበት አውጡት። የአሶሳ ክረምት ወረቀት አይምርም። ኦርጂናሉን ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ብቻ።

ሁለተኛ፣ የፎቶግራፍን ጀርባ አንብቡ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ ካለ ከፊቱ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ባሎቻችሁና አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፦ መቼ ተመለመልክ? የት ሠለጠንክ? ማን አብሮህ ነበር? መልሱን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ምስክር በየዓመቱ ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ተጀምሯል። የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት በጊዜው አውጡ፤ ብዙ መበለቶች የሚቸገሩት ሚስት መሆናቸውን ለማስረዳት ነው።

አምስተኛ፣ ያላያችሁትንና ማስረጃ የሌለውን አትጨምሩ።

ለአጋሮቻችን፦ የሰጣችሁን ድጋፍ ለኮፒ፣ ለፍርድ ቤት ማኅተም፣ ለፖስታና ለትራንስፖርት ውሏል። በሪፖርት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከእናታችን ቤት ሆናችሁ ብታዩት ግን ሌላ ነው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባችን ከቡናው በኋላ ሣጥን የምንከፍትበት ሰዓት ይኖረናል። ማንበብ የምትችሉ መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የማትችሉም ኑ፤ የምታስታውሱት ስም አለና።